ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ብንን እያልኩ ማደር፦ ከኪኒን በፊት ምን ልሞክር?

የሄርማታው
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ መርካቶ አካባቢ ሱቅ ነው የምሠራው። ምሽት 3 ሰዓት አልጋ ውስጥ እገባለሁ፣ ጠዋት 1 ሰዓት እነሳለሁ፣ እንቅልፌ ግን ተለቃቅሞም ከአምስት ሰዓት ተኩል አይበልጥም። አንዳንዴ መጀመሪያውኑ አይወስደኝም፣ አንዳንዴ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ብንን ብዬ እስከ አዛን ድረስ እገላበጣለሁ። ወራት ሆኖታል። ቡና ጠዋት ቤት እጠጣለሁ፣ ከሰዓት 10 ሰዓት ግድም ደግሞ ሱቅ ውስጥ አቦልና ቶና አለ። ቅዳሜ በርጫ አለ። ፋርማሲ ሄደህ የእንቅልፍ ኪኒን ግዛ የሚለኝ በዝቷል። ከዚያ በፊት ምን ልሞክር? ቡናውንስ የግድ መተው አለብኝ?

ነርስ ከጅረን
ወንድሜ፣ ከቡናው በፊት ዓይኔ ያረፈው ከምሽቱ 3 እስከ ጠዋቱ 1 በሚለው ላይ ነው። አሥር ሰዓት አልጋ ላይ ነህ፣ የምትተኛው አምስት ተኩል። የተረፈውን አራት ሰዓት ተኩል ሰውነትህ አልጋ ላይ ነቅቶ መቆየት እየተማረበት ነው። እንቅልፍ ማጣት ሲጀምር መነሻው ዕዳም፣ የልጅ ለቅሶም፣ ሕመምም ሊሆን ይችላል። መነሻው ካለፈ በኋላ የሚያቆየው ግን ብዙ ጊዜ ለማካካስ ብለን የምናደርገው ነው፤ ቶሎ መግባት፣ አርፍዶ መነሳት፣ ቀን ሸለብ ማድረግ። የሌሊት እንቅልፍ የሚጠነክረው ቀን ላይ ነቅተን በቆየን መጠን ነው።

መጀመሪያ አንድ ሳምንት መዝግብ። ጠዋት ከተነሳህ በኋላ በግምት ጻፍ፦ መቼ ገባሁ፣ ምን ያህል ቆይቶ ወሰደኝ፣ መሃል ላይ ስንት ጊዜ ነቃሁ፣ መቼ ተነሳሁ። ሌሊት ሰዓት እያየህ አትመዝግብ፤ «8 ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሰዓት ብቻ ቀረኝ» የሚለው ሒሳብ ራሱ ልብ ያስመታል። ስልኩ ማንቂያው ተሞልቶ፣ ፊቱ ተደፍቶ፣ እጅህ ከማይደርስበት ይቀመጥ።

ከዚያ የተኛህበትን ሰዓት አልጋ ላይ ለቆየህበት አካፍለህ በ100 አባዛ። አሁን በጻፍከው ብንሄድ 55 በመቶ ነው፤ ደህና የሚባለው ከ85 ጀምሮ ነው። መነሻ ሰዓትህን ቁረጥ፣ 12 ሰዓት እንበል። ከዚያ ወደ ኋላ አምስት ሰዓት ተኩል ስትቆጥር ሌሊት 6፡30 ይመጣል። ከ6፡30 በፊት አልጋ ውስጥ አትገባም፤ ጠዋት 12 ላይ ተኛህም አልተኛህም ትነሳለህ፣ እሁድም ጭምር። የሳምንቱ አማካይ 85 ሲደርስ መግቢያህን 15 ደቂቃ ወደ ፊት አምጣና 6፡15 አድርገው። ከ80 እስከ 85 ከሆነ ባለበት ይቆይ። ከ80 ካነሰ መግቢያህን 15 ደቂቃ አዘግይ፤ አልጋ ላይ የምትቆይበት ጊዜ ግን ከአምስት ሰዓት በታች አይውረድ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይከብዳሉ፣ ከበፊቱ የባሰ እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሃል። ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ የሚተወው እዚህ ጋ ነው። ድካሙ ግን ሌሊቱን የሚያጠነክረው እሱ ስለሆነ በቀን አታባክነው። ምሽት 2 ሰዓት ላይ ቴሌቪዥን እያዩ ማንቀላፋት፣ ከምሳ በኋላ ባንኮኒው ላይ ደፋ ማለት የሌሊቱን ድርሻ ይበላሉ። በዚያ ሰዓት ከተቀመጥክ ይወስድሃል፤ ተነስ፣ ዕቃ ደርድር፣ እስከ በር ወጣ በል።

አንድ ነገር በጣም አደራ። ባጃጅም ሆነ የጭነት መኪና የሚነዳ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) አለብህ የተባለ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው የአልጋ ሰዓት ማሳጠሩን ያለ ባለሙያ ክትትል አይጀምሩት። የእንቅልፍ እጦት የሚጥል በሽታን ይቀሰቅሳል፣ ባይፖላር ያለበትን ሰው ደግሞ ወደ ማኒያ፣ ማለትም ከልክ ያለፈ የስሜት መጋል፣ ሊያስገባ ይችላል።

ይህ የእንቅልፍ ማጣት የባህሪ ሕክምና አንዱ ክፍል ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ለቆየ እንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት አስቀድሞ መሰጠት ያለበት ይህ ሕክምና ነው ብሏል። ቆየ የሚባለው በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወር ሲዘልቅ ነው።

ቡና ቀማሽ
የቡናውን ነገር ለእኔ ተዉልኝ። ጅማ ተቀምጦ ቡና ተው ማለት አይሆንም፣ አያስፈልግምም። ሰዓቱን ነው መቀየር ያለብህ።

ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ፣ ካፌይን፣ በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። የ10 ሰዓቱ ቡና ምሽት 3 ላይ ግማሹ፣ ሌሊት 8 ላይ ሩቡ እዚያው አለ። ድካም ሲጠራቀም አዴኖሲን የሚባል ነገር አንጎል ውስጥ ይከማችና እንቅልፍ ይጠራል፤ ካፌይን የአዴኖሲንን መቀመጫ ይዞ አላስቀምጥ ይለዋል። «እኔ ቡና ጠጥቼ ወዲያው ነው የምተኛው» የሚሉ ሰዎችም እንቅልፋቸው ሊሳሳ ይችላል፣ ስለማይነቁ አያውቁትም እንጂ።

ከሰው ሰውም ይለያያል። የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስድ ሴት ላይ ካፌይኑ የሚቆይበት ጊዜ እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ በእርግዝና መጨረሻ ወራት ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ባልና ሚስት ከአንድ ጀበና ጠጥተው እሱ ሲያንኮራፋ እሷ ነቅታ የምታድርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቶናና በረካ ላይ አትታለል የሚል ሰው አለ። እኔ እንደማውቀው ካፌይን በሙቅ ውሃ ቶሎ የሚወጣ ስለሆነ አብዛኛው በአቦል ያልቃል፤ በረካ በእርግጥም ቀላል ነው። ስለዚህ ከሰዓት ላይ የግድ ከሆነ አቦሉን አሳልፈህ በረካዋን ጠብቅ። የቡና ቅጠል ወይም ገለባ ተፈልቶ ሲጠጣ ግን ካፌይን የለውም ብለህ እንዳትዘናጋ፣ አለው። ሻይም፣ ኮካም አላቸው።

በአንድ ቀን አታቁም። የለመደ ሰው በድንገት ሲያቆም በ24 ሰዓት ውስጥ ግንባር የሚፈልጥ ራስ ምታት ይመጣል፣ ሁለተኛው ቀን ይብሳል። ለጥቂት ቀን የ10 ሰዓቱን ከሁለት ስኒ ወደ አንድ አውርድ፣ ከዚያ ወደ በረካ፣ ከዚያ የመጨረሻ ስኒህን ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት አድርግ። ከረከቦቱ አትራቅ፤ ከቆሎው ብላ፣ ጨዋታው አይቅርብህ፣ ሻይ ቅጠል የሌለው የቀረፋና የቅርንፉድ ውሃ ይፈላልህ።

በርጫው ይበልጥ ያሳስበኛል። በእርጥቡ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ደም ውስጥ የሚበረታው መቃም ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። 9 ሰዓት ጀምረህ 1 ሰዓት ላይ ብትጨርስ ምርቃናው አልጋ ድረስ ይከተልሃል። ለመስበር ተብሎ የሚጠጣው ጨብሲ ደግሞ ያስተኛል እንጂ አያቆይም፤ አልኮሉ ከደም ሲወጣ በሌሊቱ ሁለተኛ አጋማሽ ያነቃሃል፣ ማንኮራፋትም ያብሳል። የቅዳሜው ሌሊት እሁድን ያስረፍድሃል፣ እሁድ ጠዋት ያረፈደ እሁድ ሌሊት አይተኛም። የሳምንቱ ሒሳብህ የሚፈርሰው እዚያ ነው። ጫቱን ለማቆም ከወሰንክ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ዱካኩ፣ ቅዠቱና ድብርቱ ሊያይል ይችላል፤ እንደሚያልፍ እወቅ።

ፋርማሲ በኩል
ኪኒኑን በተመለከተ ወንድሜ፣ ያለ ማዘዣ አትግዛ፣ ከጎረቤትም አትቀበል። ለእንቅልፍ ተብሎ የሚዋጠው ዲያዚፓም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ማታ የዋጥከው በማግስቱ ከሰዓትም አብሮህ ይውላል። አረጋውያን ላይ መውደቅና የዳሌ ስብራት ያመጣል። በሳምንታት ውስጥ ሰውነት ይለምደውና ያው መጠን አይበቃም። ከአልኮል ወይም ትራማዶል ከሚባለው የሕመም ማስታገሻ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ያፍናል። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ደግሞ ይህን አንብቦ ዛሬውኑ እንዳያቆም፤ በድንገት ማቆም እስከ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ያደርሳል። ከሐኪም ጋር ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

ሰው የማይጠረጥራቸው መድኃኒቶችም አሉ። ለአስምና ለአለርጂ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሳል፤ ጠዋት ከቁርስ ጋር ይሁን። ሽንት የሚያሸናውን ፉሮሲማይድ ማታ የሚውጥ ሰው ሌሊቱን ለሽንት ሲመላለስ ያድራል። ዶሉቴግራቪር ያለበትን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እንቅልፍ ካጣ፣ ሳያቋርጥ ወደ ጠዋት ማዛወር ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ ከሚከታተለው ክሊኒክ ጋር ይነጋገር። ለድብርት የሚሰጠው ፍሉኦክሴቲንም የጠዋት መድኃኒት ነው።

የሄርማታው
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሁለት ነገር ግር አለኝ። እስከ 6፡30 ምን እየሠራሁ ልቆይ? ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ ሚስትና ሕፃን ተኝተዋል። ሌሊት ስነቃስ ወዴት ነው የምነሳው?

ነርስ ከጅረን
ጥሩ ጠየቅክ፤ የሕክምናው መጽሐፍ «ወደ ሌላ ክፍል ሂድ» ነው የሚለው፣ ሌላ ክፍል ለሌለው ሰው ግን አይበቃም። ዋናው ከአልጋው መውረድ ነው። ከአልጋው ራቅ አድርገህ አንድ በርጩማ አስቀምጥ፣ ጋቢህን ደርብ፣ ትንሽ መብራት ወደ ግድግዳው አዙር። ጸሎት፣ መቁጠሪያ፣ ለነገ ሽሮና ሩዝ መመዘን፣ ልብስ ማጠፍ፤ የማያጣድፍ ነገር ሁሉ ይሆናል። ስልክ፣ የሱቅ ሒሳብና የዕዳ ደብተር አይሆኑም። የሚያሳስብህን ነገር ምሽት 1 ሰዓት ላይ ሩብ ሰዓት ሰጥተህ በወረቀት ጨርሰው፤ ከጎኑ ነገ የምታደርገውን አንዲት ነገር ጻፍ።

ሌሊት ስትነቃ በግምት 20 ደቂቃ አልፏል ካልክ፣ ወይም መበሳጨት ከጀመርክ ውረድ። ዓይንህ ሲከብድ ተመለስ፣ ካልወሰደህ እንደገና ውረድ። አጎበር ካላችሁ ስትወርድ ጫፉን መልሰህ ፍራሹ ሥር ሸጉጠው፤ ክፍት ትተኸው ከተመለስክ ትንኟ ሁለታችሁንም ልጁንም ትቀሰቅሳለች። ቀን ላይ ደግሞ አልጋው እንደ ሶፋ መቀመጫ መሆኑ ይቅር፤ ምግብም ወሬም በርጩማው ላይ ይሁን።

አዛኑ የሚቀሰቅስህ ከሆነ አትታገለው፤ መነሻህን 11፡30 አድርገህ መግቢያህን ወደ 6 ሰዓት አምጣ። ከተነሳህ በኋላ ግን ተመልሶ መተኛት የለም። ሲነጋ ደጅ ወጥተህ ለግማሽ ሰዓት ብርሃን ይንካህ፤ ክረምት ላይ በደመናም ቢሆን የደጁ ብርሃን ከቤት መብራት እጅግ ይበልጣል።

በሦስት ወይም አራት ሳምንት ለውጥ ከሌለ፣ ወይም ሚስትህ «ስታንኮራፋ ትንፋሽህ ይቋረጣል» ካለችህ፣ ማታ እግርህን ካላንቀሳቀስከው አላስቀምጥ የሚልህ ከሆነ፣ ወይም ንጋት ላይ ነቅተህ መኖር የሚያስጠላህ ከሆነ ሳትዘገይ ታይ። የመጨረሻው ስሜት ካለ ቀጠሮ እንኳን አትጠብቅ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ለእግሩ ነገር የብረት ክምችት የሚለካውን የፌሪቲን ምርመራ ጠይቅ፤ ሄሞግሎቢን ደህና ሆኖም ፌሪቲን ዝቅ ሊል ይችላል።

የሄርማታው
ለቅሶ ቤት ያደርኩ ዕለትስ?

ነርስ ከጅረን
እደር፣ ሰው ነህ። ካልነዳህ በስተቀር በማግስቱም በዚያው ሰዓት ተነስ። በጣም ከከበደህ ከ9 ሰዓት በፊት ማንቂያ ሞልተህ 20 ደቂቃ ጋደም በል፣ ማታ ግን ከተለመደው ሰዓትህ ቀድመህ አትግባ።