ጋባ በቆሽት ውስጥ ምን ይሠራል?

ጠያቂ (የፋርማሲ ተማሪ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ ወንድሜ በ34 ዓመቱ ስኳር ተገኝቶበት ክኒን ቢጀምርም የደሙ ስኳር አልወርድ በማለቱ፣ ሐኪሙ የጋድ ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ አዘዙለት። ጋድ ግሉታሜት የተባለውን አሚኖ አሲድ ጋባ ወደሚባል መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል የሚለውጥ ኢንዛይም መሆኑን፣ ጋባም በአንጎል ውስጥ የነርቭ ሴሎችን እንቅስቃሴ እንደሚገታ፣ እነ ዳያዜፓም ያሉ ማረጋጊያ መድኃኒቶችም የሚሠሩት የእሱን ተቀባይ በማገዝ እንደሆነ ተምረናል። የአንጎል ነው የምንለው ነገር ከቆሽት ጋር ምን አገናኘው?

መላሽ (የፊዚዮሎጂ መምህር)፦
ጋባ በአንጎል ውስጥ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1950 ከመታወቁ ከአንድ ዓመት በፊት በድንች ውስጥ ተገኝቶ ነበር፤ ድንች ደግሞ ነርቭ የለውም። ስለዚህ የአንጎል ብቻ አድርገን የምናየው ከተማርንበት ቅደም ተከተል የተነሣ ይመስለኛል። በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመነጩት ቤታ ሴሎች ጋባን ራሳቸው ይሠራሉ፤ ክምችቱም ከአንጎል ጋር የሚወዳደር ነው። ከቤታ ሴል የወጣው ጋባ በአጠገቡ ባለው፣ ግሉካጎን የተባለውን ሆርሞን በሚያመነጨው አልፋ ሴል ተቀባይ ላይ ሲያርፍ የክሎራይድ (ኔጋቲቭ ኤሌክትሪክ የተሸከመ ቅንጣት) መተላለፊያ ይከፈታል፤ የአልፋ ሴሉ ኤሌክትሪካዊ እንቅስቃሴ ይቀዘቅዛል፤ ጉበት ስኳር እንዲለቅ የሚያዝዘው ግሉካጎንም ይቀንሳል። ከምግብ በኋላ ግሉካጎን ከሚገታባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

ይበልጥ የሚገርመው ግን ያው ተቀባይ በሰው ቤታ ሴል ላይ ተቃራኒውን መሥራቱ ነው። በቤታ ሴል ውስጥ ያለው ክሎራይድ ብዙ ስለሆነ መተላለፊያው ሲከፈት ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ ሴሉም ከመረጋጋት ይልቅ ተነቃቅቶ ኢንሱሊን ይለቃል። ጋባ «አረጋጊ» ነው የሚለው አነጋገር እንግዲህ የሚሠራው እንደ ሴሉ ሁኔታ ነው።

መላሽ (የውስጥ ደዌ ሐኪም)፦
ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ ላይ የምጨምረው፣ ምርመራው የጋባን መጠን እንደማይለካ ነው። የሰውነት መከላከያ ቤታ ሴሎችን ሲያጠቃ በውስጣቸው ያለው ጋድ እንደ ባዕድ ይቆጠርና ፀረ እንግዳ አካል ይመረትበታል፤ ሴሎቹን በዋናነት የሚገድሉት ግን ቲ ሴሎች የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ስለዚህ ፀረ እንግዳ አካሉን ከገዳይነቱ ይልቅ በምልክትነቱ እናየዋለን። በወንድምዎ ዕድሜ ክኒን አልሠራ ሲል ይህን ምርመራ ማዘዝ ተገቢ ነው፤ ቀስ እያለ የሚመጣ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ሊሆን ይችላልና። ቆሽቱ ምን ያህል ኢንሱሊን እንደቀረው ለማወቅ ደግሞ ሲ-ፔፕታይድ (ቆሽት ኢንሱሊን ሲሠራ አብሮ የሚለቀው ቁራጭ) ቢለካ ይጠቅማል።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ታዲያ በማሟያነት የሚሸጠው የጋባ እንክብል ቢወሰድ ቤታ ሴሎቹን ያድናል ማለት ይቻላል?

መላሽ (የፊዚዮሎጂ መምህር)፦
እ.ኤ.አ. በ2017 በአይጦች ላይ ጋባ አልፋ ሴሎችን ወደ ቤታ ሴሎች እንደሚለውጥ ተዘግቦ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ሲደግሙት ግን ያንኑ ውጤት አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ጥናት ደግሞ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም በቅርቡ የተገኘባቸው ልጆች ጋባ ለአንድ ዓመት ቢወስዱም የቀራቸውን የኢንሱሊን ምርት ሊታደግላቸው አልቻለም።

መላሽ (የውስጥ ደዌ ሐኪም)፦
ስለዚህ የወንድምዎ የጋድ ምርመራ ውጤት ፖዘቲቭ ከሆነ በእንክብሉ ላይ ገንዘብ ከማውጣት ይልቅ ኢንሱሊን መቼ ይጀመር የሚለውን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩበት። እስከዚያው ጥማቱ ከበረታ፣ ክብደቱ በፍጥነት ከቀነሰ ወይም ማስመለስ ከጀመረው ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።