ዳሽ ዲ በአንዱ ቱል ሙከራ፣ በሌላው ማጥፊያ፦ እንዴት ላስተካክለው?

የቸርችል ጎዳናዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ አንድ ቢሮ ነው። ፕሮግራም የምጽፈው እኔ ብቻ ነኝ። ባለፉት ዓመታት ለቢሮው 3 የኮማንድ ላይን ቱሎች በፓይተን ጻፍኩ። አንዱ ባክአፕ ይይዛል፣ አንዱ የቅርንጫፎችን ደረሰኝ ያስገባል፣ አንዱ የቆዩ መዝገቦችን ያጸዳል።

በተለያየ ጊዜ ስለጻፍኳቸው ከቱሉ ስም ኋላ እንደ ትእዛዝ የሚጻፈውን አጭር ፊደል (ዳሽ ዲ ማለት -d ነው) ያኔ እንደመጣልኝ ነው የሰጠሁት። በባክአፑ ዳሽ ዲ የዳታቤዝ ስም ነው። በደረሰኙ ድራይ ረን ነው፤ ምንም ሳይነካ ሊያደርግ ያሰበውን ብቻ ያሳያል። በማጽጃው ግን ዳሽ ዲ ዲሊት ነው።

ባለፈው ዓርብ ማታ 2 ሰዓት ገደማ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ማጽጃውን ለመጀመሪያ ጊዜ ነካው። ጠንቃቃ ልጅ ነው። «መጀመሪያ በሙከራ ልየው» ብሎ ዳሽ ዲ ጨመረበት። ከደረሰኙ ቱል የለመደው እሱን ነዋ! ስክሪኑ ላይ «1,240 መዝገቦች ተሰርዘዋል» የሚል ወጣ። ሲደውልልኝ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፣ ፒያሳ ልወርድ ስል። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እዚያው ወርጄ በእግሬ ተመለስኩ። ዳታቤዙን ወደ ሐሙስ ሌሊቱ ባክአፕ መለስነው። የዓርብ ደረሰኝ ግን አብሮ ሄደ፤ ቅዳሜን ሙሉ ከወረቀት ላይ እያየን በእጅ አስገባን።

ልጁ ጥፋቱን የራሱ አድርጎ መያዙ አንጀቴን በላው። ጥፋቱ የእኔ ነው።

አሁን ላስተካክለው ነው። ዳሽ ዲን በሦስቱም ድራይ ረን ላድርገው? ወይስ አጭር ፊደል የሚባለውን ጨርሼ ልተው? ፕሮግራሞችን በየሰዓታቸው በራሱ በሚያስነሳው ክሮን ውስጥ በአሮጌው አጻጻፍ የሚሠሩ ብዙ ስክሪፕቶች አሉ።

ሰርቨር ጠባቂው፦

አይዞሽ እህቴ፣ ባክአፕ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው።

ዳሽ ዲን ግን ለአዲስ ትርጉም እንዳታውዪው። የማጽጃሽ ክሮን ነገም በዳሽ ዲ ይነሳል። ትርጉሙ ድራይ ረን ከሆነ በየሌሊቱ ሙከራውን አሳይቶ፣ አንድም መዝገብ ሳያጸዳ፣ «ጨርሻለሁ» ብሎ ይተኛል። ስህተት ስለማይጥል ዲስኩ እስኪሞላ ማንም አያውቅም።

እኔ ብሆን በመጀመሪያ ስክሪፕቶቹን በሙሉ ወደ ረጅም ስም እቀይራለሁ፤ ዳሽ ዳሽ ዳታቤዝ፣ ዳሽ ዳሽ ዲሊት እያልኩ። ከዚያ ዳሽ ዲን በሦስቱም እዘጋለሁ። የጻፈው ሰው ሲመጣ ቱሉ ቆሞ የትኛውን ረጅም ስም እንደሚፈልግ ይንገረው። ለድራይ ረን ዳሽ ኤን ጥሩ ነው፤ ሜክ፣ አርሲንክና ጊት ክሊን የሚባሉት የታወቁ ቱሎችም ይጠቀሙበታል።

በፊደል የመቃጠል ነገር በእኔም ደርሷል። ፋይል መቅጃው ሲፒ ለውስጥ ፎልደሮች ስሞል አርም ካፒታል አርም ይቀበላል። የፋይል ፈቃድ መቀየሪያው ሲኤችሞድ ግን ካፒታሏን ብቻ ነው። እኔ በስሞሏ «ዳሽ አር 755» ብዬ (755 የፈቃዱ ቁጥር ነው) የፎቶ ፎልደር ስም ሰጠሁት። «755 የሚባል ፋይል የለም» አለኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኩት፤ ለካ ስሞል አርን «የማንበብ ፈቃድ አንሳ» ብሎ ተረድቶ ከፎልደሩ ላይ አንስቶታል። ፎቶዎቹን የሚዘረዝረው ፕሮግራም ለምን እንደቆመ እስካገኝ ግማሽ ቀን ሄደ።

አምስት ኪሎ፦

ትንሽ ታሪክ ልጨምር፣ ምክንያቱን ማወቅ ይረዳል ብዬ ነው። እነዚህ ትእዛዞች የመጡበት ዩኒክስ የሚባለው ሲስተም ሲጀመር ሰዎቹ የሚጽፉት በቴሌታይፕ፣ ወረቀት ላይ በሚያትም መጻፊያ ነበር። ሞዴል 33 የሚባለው በሰከንድ 10 ፊደል ብቻ ነው የሚያትመው። በዚያ ላይ ረጅም ስም ማን ይጽፋል? አንድ ፊደል የሆነው ለዚያ ነው። ረጅሙ ስም በሁለት ዳሽ የተስፋፋው ኋላ ግኑ ከሚባለው የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ፕሮግራሞች ጋር ነው።

ፊደል ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር በሚያገናኘው ኤስኤስኤች ላይ ፖርት (የመግቢያው በር ቁጥር) ስሞል ፒ ነው። በዚያው መንገድ ፋይል በሚቀዳው ኤስሲፒ ላይ ግን ካፒታል ፒ ነው፤ ስሞሏን የፋይሉን ሰዓትና ፈቃድ እንዳለ ለማቆየት ቀድሞ ይዟታል፣ ከቀድሞው አርሲፒ ከሚባለው ቱል ጀምሮ የመጣ ነው። ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ላይ ስሞል ፒ ፓስወርድ ነው፣ ካፒታሏ ፖርት። እነዚህን ዛሬ ማንም ሊያስተካክላቸው አይችልም፤ ዓለም ሙሉ ስክሪፕት በላያቸው ተጽፏል። የአንቺ 3 ቱሎች ግን ገና በእጅሽ ናቸው።

እኛ «3 ሰዓት» ስንባል «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ብለን እንጠይቃለን። ተርሚናል አይጠይቅም። ስለዚህ አጭር ፊደል የሚገባው በሁሉም ቱል አንድ ትርጉም ላለው ነገር ብቻ ነው። የግኑ የኮድ አጻጻፍ መመሪያ ውስጥ ፕሮግራሞቹ የሚጠቀሙባቸው ረጅም ስሞች ሰንጠረዥ አለ። ስም ከማውጣትሽ በፊት እዚያ ተመልከቺ።

ፓይተን በማታ፦

የትእዛዝ አማራጮችን የሚያነበውን የፓይተን አርግፓርስ ከሆነ የምትጠቀሚው አንድ ነገር ልብ በይ። ረጅም ስም ተቆርጦ ሲጻፍም ይቀበላል። አንድ ሰው ክሮን ውስጥ ዳሽ ዳሽ ዳት ብሎ ከጻፈ ዛሬ ዳታቤዝ ብሎ ይወስድለታል። ነገ ዳሽ ዳሽ ዴት ስትጨምሪ የእንግሊዝኛ ፊደሎቹ ስለሚገጥሙ «የትኛውን?» ብሎ ይወድቃል። ማሳጠርን የሚፈቅደውን «አላው አብሬቭ»ን ፎልስ አድርጊው፤ ከፓይተን 3.5 ጀምሮ አለ።

የቸርችል ጎዳናዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው። ክሮኑን ዛሬ ከልጁ ጋር ተቀምጠን መስመር በመስመር አየነው። 14 ቦታ ላይ ዳሽ ዲ አገኘን። አንዱ ስክሪፕት ውስጥ ሁለት ጊዜ ነበር፣ በሁለት ትርጉም! ሁሉንም ወደ ረጅም ስም ቀየርናቸው፤ ዳሽ ዲ ተዘግቷል፣ ማሳጠሩም እንደዚሁ።

ድራይ ረንን ዳሽ ኤን አድርጌዋለሁ። ዲሊት ግን አጭር ፊደል ከእንግዲህ አይኖረውም፤ የሚያጠፋ ሰው ቃሉን እስከ መጨረሻው ይጻፈው።

ስንፈትሽ ሌላም ወጣ። ዳሽ ኢ በደረሰኙ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ በባክአፑ ማብቂያ ቀን። ያገኘው ልጁ ነው። ነገ ጠዋት ራሱ ያስተካክለዋል።