የሚሉኝና የሚያደርጉት አልገጠመልኝም፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በሞባይል ገንዘብ ተጠቃሚዎች ባህሪ ላይ የመመረቂያ ጥናት እየሠራሁ ነው። ግራ ከገባኝ ሦስት ሳምንት አለፈኝ።

መጠይቁን ያዘጋጀሁት ተመራማሪው ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባቀረበው የቴክኖሎጂ ተቀባይነት ሞዴል ላይ ተመሥርቼ ነው፤ ሞዴሉ ሰው አንድን ቴክኖሎጂ የሚቀበለው «ይጠቅመኛል፣ ይቀለኛል» ብሎ ሲያምን ነው ይላል። ይጠቅማል ወይ? ይቀላል ወይ? ወደፊትስ ትጠቀማላችሁ? መልሱ ሁሉ «አዎ» ነው። ቁጭ ብለን ስናወራ ግን ሌላ ነገር ነው የምሰማው። ገንዘቡ ገና ከመግባቱ ጥሬውን ያወጡታል። አንዳንዶቹ በአንድ ስልክ ከነቤተሰባቸው ይጠቀማሉ። ሌሎቹ የሚስጥር ቁጥራቸውን ለወኪሉ ሰጥተው፣ ሁሉንም የሚሠራላቸው እሱ ነው። ታዲያ እነዚህን ተጠቃሚ ልበላቸው? እኔ አካውንት መክፈትና መጠቀም ለየቅል ናቸው ባይ ነኝ። አማካሪዬ «በቁጥር አሳይ» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

የግብይት መዝገብ ለማግኘት ሞክሬ አልተሳካልኝም። ሰዎቹ ለ1 ወር የዕለት ገቢና ወጪያቸውን እንዲጽፉልኝ አስቤ ነበር። ግን መጻፉ ራሱ ባህሪያቸውን እንዳይቀይረው ፈራሁ።

እንዲህ ዓይነት ጥናት የሠራችሁ ካላችሁ፣ ትክክለኛውን አጠቃቀም በምን ለካችሁት? የጋራ ስልኩንስ እንዴት ቆጠራችሁት?