ጥቁር መኪናዬን ሳልጭር እንዴት ላጥባት?

ሰላም ወገኖች፣ ልምድ ያላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። ጥቁር ኮሮላ ከገዛሁ 4 ወር ሆነኝ። ጥላ ስር ስትቆም እንደ መስታወት ናት፤ ፀሐይ ላይ ስትወጣ ግን ኮፈኗ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ይታያል።

መጀመሪያ ላቫጆ ነበር የምወስዳት። አንድ ቀን ልጁ የጎማውን ጭቃ የጠረገበትን ጨርቅ እዚያው ባልዲ ውስጥ ነክሮ በሩን ሲያሽበት አየሁት፣ አንጀቴ ነው የተቃጠለው። ከዚያ ወዲህ ግቢ ውስጥ ራሴ ነው የማጥባት። ሁለት ባልዲ አለኝ፣ አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ስፖንጁን ለማለቅለቂያ፤ ከጣሪያው ጀምሬ ወደ ታች እወርዳለሁ፣ ጎማውን መጨረሻ ላይ በሌላ ጨርቅ። ግን የአዲስ አበባን የበጋ አቧራ ታውቁታላችሁ፣ ውሃ ደግሞ በፈረቃ ነው፣ ስለዚህ አሸዋውን በግፊት ውሃ ቀድሜ ማራገፍ አልችልም፣ በጆግ ነው የማፈስባት። ይበቃል?

ከሁሉም የከበደኝ ማድረቁ ነው። ዝም ብዬ ስተዋት ውሃው ነጭ ነጠብጣብ ጥሎ ይደርቃል። በቤት ፎጣ ስጠርጋት ደግሞ አዲስ ጭረት አያለሁ። ማይክሮፋይበር ፎጣ ግዛ ብለውኛል፤ መጥረግ ነው ወይስ ዘርግቶ ውሃውን እንዲመጥ መጫን ብቻ?

የልብስ ዱቄት ሳሙና ቀለሙ ላይ የተቀባውን ሰም ያነሳል ስለሚባል ትቼዋለሁ፣ በምትኩ ምን ትጠቀማላችሁ? ጭረቱ በጥፍር ሲዳሰስ አይያዝም፣ የተጫረው ከቀለሙ በላይ ያለው ክሊር (ግልጽ ሽፋኑ) ብቻ ይመስለኛል። ፖሊሽ ያጠፋዋል ወይስ መጀመሪያ አስተጣጠቤን ላስተካክል?