የአባቴን ድምፅ የት ላስቀምጠው?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከሐዋሳ ነው የምጽፈው። ባለፈው ሳምንት 2 ቴራባይት ሃርድ ዲስኬን ስሰካው ቀጭ ቀጭ ብሎ ዝም አለ። ነቅዬ መልሼ ስሰካው እንደ ምንም ተከፈተ። እጄ እየተንቀጠቀጠ 180 ጊጋባይት ያህል ወደ ላፕቶፔ ገለበጥኩ። ከመሃሉ የአባቴ የመጨረሻ ፋሲካ ቪዲዮ አለ፤ ድፎ ዳቦውን ቆርሶ እያንዳንዳችንን በስማችን ሲመርቅ። አባቴ አርፏል። ድምፁ የቀረው እዚያ ብቻ ነው።

ሌላ ሃርድ ዲስክ ብገዛ እሱም የሚሽከረከር ዕቃ ነው፣ አንድ ቀን መቆሙ አይቀርም። ፍላሽና ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ዲስክ) መረጃ የሚይዙት በኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለሆነ ለዓመታት ሳይሰኩ ከተቀመጡ ሊጠፋ ይችላል አሉኝ። በ2001 ዓ.ም. በርን ያደረግኳቸው ሲዲዎች ደግሞ ግማሾቹ አይከፈቱም፤ አንዱን ወደ መስኮት ሳነሳው ጠርዙ ተልጦ ብርሃን ያሳልፋል። ክላውድ (በኢንተርኔት ማስቀመጥ) በየወሩ ክፍያ አለው፣ ካቋረጥኩስ?

ልቤ ያረፈው ኤምዲስክ (M-DISC) የሚባል፣ ለረጅም ዘመን ማስቀመጫ የተሠራ እንደ ሲዲ ያለ ዲስክ ላይ ነው። መረጃው የሚቀረጸው እንደ ተራው ዲቪዲ በቀለም ላይ ሳይሆን ድንጋይ መሰል ንጣፍ ላይ ነው፤ ብሉሬይ የሚባለው፣ ከዲቪዲ የበለጠ የሚይዘው ዓይነት፣ 25 ወይም 100 ጊጋባይት ይይዛል። ግን ለመጻፍ የሚስማማው ድራይቭ (ዲስኩ የሚገባበት መሣሪያ) ያስፈልጋል፤ ፒያሳ ያሉ ሱቆችን ብጠይቅ የሚያውቀው አጣሁ።

አገር ውስጥ ያገኘው አለ? ወይስ ሁለት ሃርድ ዲስክ ገዝቼ አንዱን አዳማ እህቴ ጋ ላስቀምጥና በየ5 ዓመቱ ልቀይር? ፋይሎቹ ውስጥ ውስጡን አለመበላሸታቸውንስ በምን ታረጋግጣላችሁ? እባካችሁ የሞከራችሁ ንገሩኝ፤ ላፕቶፑም አሮጌ ነው።