የኮክ ዘር አልበቅል አለኝ፤ ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት ይረዳል?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ጤና ይስጥልኝ። ከጓሯችን ዛፍ የሰበሰብኩትን የኮክ ዘር በክረምት መግቢያ መደብ ላይ ዘርቼ አንድም አልበቀለም፤ አንዱን አውጥቼ ስሰብረው ግን ውስጡ ነጭና ጤነኛ ነው። ጎረቤቴ ዘሩን ፍሪዘር ውስጥ አቆይተህ ዝራው ይለኛል፣ ሌላ ሰው ደግሞ ፍሪጅ ይበቃል ብሎኛል። ለምን ያህል ጊዜና እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ቅርፊቱ ይሰበር እንደሆነ፣ ለቃሪያና ለጎመን ዘርም ይኸው ያስፈልግ እንደሆነ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ (የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ)፦ ውስጡ ነጭ ከሆነ ዘርዎ ተኝቷል እንጂ አልሞተም። ኮክም ሆነ ፖም ክረምቱ ብርቱ ቅዝቃዜ ካለበት አገር የመጡ ዛፎች በመሆናቸው፣ ቡቃያው በውርጭ እንዳይሞት ዘሩ ረጅም ቅዝቃዜ እስኪያልፍበት ድረስ መብቀልን የሚያግድ ንጥረ ነገር ይዞ ይቆያል። ይህን ንጥረ ነገር የሚቀንሰው ቅዝቃዜ ነው፤ ሆኖም የሚሠራው ዘሩ ውኃ ጠጥቶ እርጥብ ሆኖ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። ደረቅ ዘር ፍሪጅ ውስጥ ዓመት ቢቀመጥ ዕድሜው ይረዝም ይሆናል እንጂ ከእንቅልፉ አይነቃም። ፍሪዘር ደግሞ ውኃ የጠጣውን ዘር ሊገድለው ስለሚችል የጎረቤትዎን ምክር አይከተሉ።

ሥጋውን አጥበው ካስለቀቁ በኋላ ዘሩን አንድ ቀን ሙሉ ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፤ ከዚያም በታጠበ አሸዋ ውስጥ ቀብረው፣ አየር እንዲገባበት ጥቂት ቦታ በተበሳ ፌስታል አድርገው በፍሪጁ የአትክልት መሳቢያ ያስቀምጡት። አሸዋው ሲጨብጡት የሚያያዝ፣ ግን ውኃ የማያንጠባጥብ ይሁን። የሚፈለገው ሙቀት ከ1 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ጊዜው እንደ ዝርያው ከ2 እስከ 3 ወር ይደርሳል። በየሳምንቱ እየከፈቱ እርጥበቱን ይመልከቱ፤ ነጭ የሥር ጫፍ ብቅ ያለበትን ዘር ወዲያው አውጥተው ይትከሉት።

ቃሪያና ጎመን ይህ ፈጽሞ አያስፈልጋቸውም፤ ቃሪያ እንዲያውም ሙቀት ይወዳል።

መልስ (ከአዲስ አበባ)፦ ቅርፊቱን መስበር ግዴታ ባይሆንም መብቀሉን ያፋጥናል። በመዶሻ ሲመታ ውስጡ ስለሚደቅ፣ ዘሩን ሞርሳ ላይ በጎኑ ባለው መስመር አስይዞ ቀጭ እስኪል በቀስታ ማጥበቅ ይሻላል። ቅርፊቱ የወለቀለት ዘር ሻጋታ በቀላሉ ስለሚይዘው፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠው ለጥቂት ደቂቃ ካስነከሩት በኋላ ደኅና አድርገው ያለቅልቁት። ውስጠኛው ዘር ሲበላ መርዝ የሚሆን ንጥረ ነገር ስላለው ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ፤ ፍሪጅ ውስጥ ሲሆን በተለይ ስም ይጻፍበት።

መልስ (ከዴንቨር)፦ እኛ ጋ ዘሩ በኦክቶበር አፈር ውስጥ ከተቀበረና ሽኮኮ እንዳይቆፍረው ሽቦ ወንፊት ከተደረገበት ቀሪውን ሥራ ክረምቱ ይጨርሰዋል። ደብረ ብርሃን ግን ውርጩ የሌሊት ነው፤ ቀን ፀሐዩ አፈሩን ስለሚያሞቀው በዚያ ከመተማመን ፍሪጁን ቢይዙ ይሻላል።

ጠያቂው፦ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። መብራት ሲጠፋስ ድካሜ ከንቱ ይሆናል?

መልስ (የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ)፦ ለጥቂት ሰዓታት ከሆነ ፍሪጁን ሳይከፍቱ ይጠብቁ፤ ምንም አይሆንም። ለቀናት ሞቆ ከቆየ ግን ዘሩ መልሶ ሊተኛ ስለሚችል ጊዜውን ማራዘም አለብዎት። ለማሳጠር ደግሞ አይቸኩሉ። ቅዝቃዜው ሳይበቃው ቅርፊቱ ስለወለቀለት ብቻ የበቀለ ኮክ፣ ቅጠሎቹ አንድ ቦታ ተጨናንቀው፣ ግንዱ መዘርጋት አቅቶት ድንክ ሆኖ ይቀራል፤ ይህን ያየ ሰው በሽታ ይመስለውና መድኃኒት ይፈልጋል።

ሥር ያወጣውን ዘር የሥሩን ጫፍ ወደታች አድርገው በ3 ሴንቲሜትር ጥልቀት ይትከሉት። ሥሩ በቀጥታ ወደታች ስለሚሄድ አጭር ጣሳ ሳይሆን ረጅም የችግኝ ፕላስቲክ ይምረጡ፤ ቡቃያው እስኪጠና ድረስም ከቀትር ፀሐይ ይከልሉት።