አስቸኳይ፦ ፕሮግራሙ ይከፈታል፣ ስክሪኑ ላይ ግን የለም

የታቦር ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። ሐዋሳ አቶቴ ላለ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሠራሁት የሽያጭ ፕሮግራም ከጠዋት ጀምሮ አልታይ አለ። ይከፈታል። ታች ታስክባሩ ላይ ምልክቱ አለ። ሲነካ ምንም። ኢረር የለም። ትናንት ማታ ድረስ ደህና ነበር፣ ኮዱን ማንም አልነካውም። ካሸሯ ሽያጩን ደብተር ላይ እየጻፈች ነው፣ ባለቤቱ ስልኬን አላሳርፍ ብሏል። ምን ይሻላል?

ካፌይን፦
ሪስታርት አድርገው ወንድሜ።

የታቦር ልጅ፦
ተደርጓል። እህትህ ነኝ ደግሞ።

ደረቅ እውነት፦
ፍላሽ የሚሰካ ሰው አይጠፋም። ቫይረስ ነው። ፎርማት።

ዝምተኛው፦
ኧረ ፎርማት እንዳታደርጊ! ኮምፒዩተሩ ሁለተኛ ስክሪን ነበረው እንዴ?

የታቦር ልጅ፦
አዎ፣ ትልቅ። ካሸሯ ፕሮግራሙን እዚያ ላይ ነበር የምትከፍተው። ማታ ባለቤቱ ነቅሎ ፒያሳ ወዳለው ሱቁ ወሰደው። ምን አገናኘው?

ዝምተኛው፦
እሱ ነዋ። ፕሮግራምሽ ትናንት የነበረበትን ቦታ ያስታውሳል፣ ቦታው ደግሞ ዛሬ የለም። ካሸሯን እንዲህ በያት፦ ታስክባሩ ላይ ምልክቱን አንዴ ትንካ፣ ኦልትና ስፔስን አብራ ትጫን፣ ቀጥሎ ኤምን፣ ከዚያ ከቀስቶቹ አንዱን። አሁን ማውሱን ስታንቀሳቅስ መስኮቱ ተከትሎት ይመጣል። ኤም እምቢ ካለ ማክሲማይዝ ሆኗል ማለት ነው፣ መጀመሪያ ኦልትና ስፔስ፣ ከዚያ አር። ለዘለቄታው ግን ኮዱ ላይ፣ የተቀመጠውን ቦታ ከመጠቀምሽ በፊት አሁን ከተሰኩት ስክሪኖች በአንዱ ላይ መውደቁን አጣሪ። ካልወደቀ ዋናው ስክሪን መሃል ክፈቺው።

ካፌይን፦
ሪስታርቱ ግን በደንብ ነው? ሶኬቱን ነቅለሽ ማለቴ ነው።

ጋሽ ሊኑክስ፦
ልጆች፣ ነገሩ ከሥሩ ይታይ። ሰው አስቦ የመረጠው ነገርና ፕሮግራሙ በራሱ የያዘው ትዝታ አንድ አይደሉም። ሊኑክስ ላይ ለምርጫው አንድ ፎልደር አለ፣ እንደ ክፍት የነበረ ፋይልና የመስኮት ቦታ ላለው ትዝታ ደግሞ ሌላ፤ ይሄኛው የፎልደሮቹን ቦታ የሚወስነው የሊኑክስ ደንብ ውስጥ የገባው ገና በ2021 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ዊንዶውስም ፕሮግራሞች የየተጠቃሚውን ነገር የሚያስቀምጡበትን ፎልደር፣ አፕዳታን፣ ሮሚንግና ሎካል ብሎ የለየው በከንቱ አይደለም። ሮሚንግ ኔትወርክ በተዘረጋበት መሥሪያ ቤት ሰውየውን ተከትሎ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሊሄድ ይችላል። የመስኮት ቦታ ግን የስክሪኑ እንጂ የሰውየው አይደለም። ስለዚህ ሎካል ውስጥ ይቀመጣል። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ሴቲንግ የሚጽፉ ዛሬም አሉ፣ ተራ ተጠቃሚ እዚያ የመጻፍ ፈቃድ እንደሌለው እያወቁ። ስለ ሬጂስትሪ ደግሞ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

የታቦር ልጅ፦
ጋሼ እናመሰግናለን፣ ማታ ረጋ ብዬ አነበዋለሁ። ዝምተኛው፣ መጣ!! ኤም እምቢ ብሏት ነበር፣ አር ተጭና ነው የመጣው። እግዜር ይስጥልኝ።

ደረቅ እውነት፦
ቆይ ግን መጀመሪያውኑ ማስታወስ ለምን አስፈለገ? በተከፈተ ቁጥር እንደ አዲስ ይከፈት። ምንም ካላስታወሰ ምንም አይሳሳትም።

የታቦር ልጅ፦
በፊት እንደሱ ነበር። ካሸሯ ጠዋት ጠዋት የዕቃ ስም የሚለውን ዓምድ በማውስ ስትለጥጥ ነው የምትጀምረው። ዓምዱ ሲጠብ ባለ 30 ጌጁም ባለ 32 ጌጁም "የጣሪያ ቆርቆሮ ባለ…" ላይ ይቆረጡና አንድ ይመስላሉ። ዋጋቸው አንድ አይደለም እኮ። ሲሰለቸኝ ሁሉንም እንዲያስታውስ አደረግኩት፦ ቦታውን፣ የዓምዱን ስፋት፣ ፕሪንተሩን፣ የመጨረሻውን ፍለጋ፣ ቀኑን፣ ቅናሹን።

ጨዋ ኮድ፦
ቅናሹን???

ሻይ በሎሚ፦
ሱቁ የት ጋ ነው? የትናንቱ ቅናሽ ሳይጠፋ ልድረስ።

ጨዋ ኮድ፦
እሱ ቀልድ ይመስለዋል። ማታ ለአንድ ኮንትራክተር 5 በመቶ ተቀንሶ ፕሮግራሙ ከተዘጋ፣ ጠዋት ለመጀመሪያው ደንበኛም ያው ይቀነስለታል፣ ካሸሯም ልብ አትልም። እኔ አንድ ነገር ይታወስ ወይስ ይጥፋ ብዬ ስወስን የምጠይቀው ይሄን ነው፦ ማንም ሳያስተውለው ለነገ ቢተርፍ ምን ይበላሻል? የዓምድ ስፋት ቢተርፍ ማንም አይጎዳም። ቀን ቢተርፍ የዛሬው ሽያጭ ትናንት ላይ ይመዘገባል። ፍለጋ ውስጥ "ሲሚንቶ" የሚል ከማታ ከተረፈ ደግሞ ካሸሯ ሚስማር ስትጠየቅ "የለንም" ትላለች፣ ሚስማሩ ከጀርባዋ ተደርድሮ።

የታቦር ልጅ፦
ቅናሹን እኮ ባለቤቱ ራሱ ነው የጠየቀኝ። ለቋሚ ደንበኞቼ ሁልጊዜ መጻፍ ሰልችቶኛል ብሎ።

ጨዋ ኮድ፦
እንግዲያው ደንበኛው መዝገብ ላይ ጻፊው። ስሙ ሲመረጥ ቅናሹ አብሮ ይምጣ። ያ ዳታ ነው፣ ሴቲንግ አይደለም።

ዝምተኛው፦
ካሸሮቹ ጠዋትና ከሰዓት እየተቀያየሩ በአንድ የዊንዶውስ አካውንት ነው የሚገቡት አይደል? ብዙ ሱቅ እንደዛ ነው። የፊደሉን መጠንና ዓምዱን በፕሮግራምሽ ዩዘር ስም ለይተሽ አስቀምጪ፣ አለዚያ አንዷ ያሳደገችውን ሌላዋ ስታሳንስ ይውላሉ። ፕሪንተሩ ግን የኮምፒዩተሩ ነው፣ ማንም ቢገባ ያው። ሌላው፣ ሲዘጋ ብቻ አታስቀምጪ። መብራት ሲጠፋ ፕሮግራሙ ተሰናብቶ አይደለም የሚሄደው። በተቀየረ ቁጥር ጻፊ፣ ስትጽፊም መጀመሪያ ጊዜያዊ ፋይል ላይ፣ ተጽፎ ሲያልቅ በዋናው ቦታ ተኪው። ፋይሉ ባዶ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ፕሮግራሙ በመጀመሪያው አቀማመጡ ይከፈት እንጂ አይሙት።

የታቦር ልጅ፦
ፕሪንተሩስ ቢነቀል? ዝም ብሎ ወደ ሌላው ይሂድ?

ጨዋ ኮድ፦
በፍጹም። ዝም ብሎ ወደ ዲፎልቱ ከዞረ ደረሰኙ ፒዲኤፍ ሆኖ ሊቀር ይችላል፣ ካሸሯ ወረቀቱን ቆማ ትጠብቃለች። "የወትሮው ፕሪንተር አልተገኘም" ብሎ ይጠይቃት። የድሮውን ምርጫ ግን አይሰርዝ፣ ገመዱ ከሰዓት ተመልሶ ሊሰካ ይችላል።

የአዳማው፦
ይቅርታ በመሃል ገባሁ። እኔ ጋ ሁለተኛ ስክሪን ኖሮ አያውቅም፣ መስኮቱ ግን አንዳንዴ እንዲሁ ይጠፋል። የሴቲንግ ፋይሉን ስከፍተው ቦታው ከዜሮ በታች 32000 ይላል። ምንድነው?

ዝምተኛው፦
ሚኒማይዝ ሆኖ ሳለ ነው የተዘጋው። ዊንዶውስ ሚኒማይዝ የሆነን መስኮት እዚያ ነው የሚወረውረው፣ ፕሮግራምህም ያንን አምኖ ጽፎታል። የሠራኸው በዊንዶውስ ፎርምስ፣ በማይክሮሶፍት የመስኮት መሥሪያ፣ ከሆነ አሁን ያለበትን ቦታ የሚሰጥህን ሎኬሽንን ትተህ ደህና ሳለ የነበረበትን የሚሰጥህን ሪስቶር ባውንድስ የሚለውን ውሰድ።

የአዳማው፦
ፓይተን ነው።

ዝምተኛው፦
እንግዲያው መስኮቱ በደህናው መጠኑ ሳለ ቦታውን ያዝ፣ ሚኒማይዝ ወይም ማክሲማይዝ ሲሆን የያዝከውን አትንካ።